«ማስት ሃቭ»፣ «ካንት ሃቭ» እና ዘመዶቻቸው፦ ስላላየነው ያለፈ ነገር በእንግሊዝኛ መደምደም

የጠያቂያችን ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። ለእንግሊዝኛ ፈተና እየተዘጋጁ ሳለ «ስልኳን ቤት ረስታው መሆን አለበት» የሚለውን ሐሳብ «ሺ ሃድ ቱ ፎርጌት ኸር ፎን» ብለው ጻፉና ስህተት ተባሉ። ቀጥለው «ሳይሰማኝ ቀርቶ መሆን አለበት» ለማለት «ሂ ማስንት ሃቭ ኸርድ ሚ» ቢሉ መምህራቸው «እንዲህ የሚባል እንግሊዝኛ የለም» አሏቸው፤ ከአሜሪካ ፊልሞች ግን «ማስት ኖት ሃቭ» ሲባል በጆሯቸው ሰምተዋል። በመጨረሻም «ኩድ ሃቭ» እና «ማይት ሃቭ» አንድ ትርጉም አላቸው ከተባለ አሉታቸው ለምን እንደሚለያይ ይጠይቃሉ። የእንግሊዝኛውን ምሳሌዎች ድምፃቸው እንዲሰማ በፊደላችን እጽፋቸዋለሁ፤ ጮክ ብለው ቢያነቧቸው ይመረጣል።

ከመጀመሪያው ስህተት ልጀምር፤ የቀሩት ሁለቱም ከእሱ ይወለዳሉ። ስለ ስልኩ በተናገሩት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት ጊዜዎች አሉ። እሷ ስልኳን የረሳችው ጠዋት ነው። እርስዎ ግን ይህን የደመደሙት አሁን፣ ደጋግመው ደውለው ማንም ሳያነሳ ሲቀር ነው። እንግሊዝኛ እነዚህን ሁለት ጊዜዎች ለሁለት ቃላት ያከፋፍላቸዋል። «ማስት» የእርስዎን የአሁን ድምዳሜ ይይዛል፤ «ሃቭ ፎርጎትን» ደግሞ የእሷን ያለፈ ድርጊት ይይዛል። ስለዚህ ትክክለኛው «ሺ ማስት ሃቭ ፎርጎትን ኸር ፎን» ነው። ብዙ የመማሪያ መጻሕፍት «ማስት ሃቭ የማስት ኃላፊ ጊዜ ነው» ብለው ያልፋሉ። ተማሪን የሚያሳስት ከዚህ የባሰ ዓረፍተ ነገር አላውቅም። «ማስት» ወደ ኋላ አልሄደም፤ ካለበት አልተነቃነቀም። ወደ ኋላ የሄደው ከእሱ ቀጥሎ ያለው ግስ ብቻ ነው።

«ሃድ ቱ» ሲሉ ግን ራሱ «ማስት» የተሸከመውን ነገር ወደ ትናንት ወሰዱት፤ ወደ ትናንት ሲወሰድ የሚቀረው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ግዴታ ነው። «ሺ ሃድ ቱ ጎ» ማለት መሄድ ግድ ሆነባት ማለት ነው። «ሺ ሃድ ቱ ፎርጌት» ያሉት ስልኳን እንድትረሳ ተገደደች የሚል ሆነ፤ ሰው ደግሞ በትእዛዝ አይረሳም። በነገራችን ላይ አሜሪካኖች «ኢት ሃድ ቱ ሃቭ ቢን ሂም» ሲሉ ሊሰሙ ይችላሉ፤ ከእሱ ሌላ ማንም ሊሆን አይችልም ማለታቸው ነው። ልብ ይበሉ፤ እዚያም ቢሆን የድምዳሜውን ትርጉም ያተረፈው ከ«ሃድ ቱ» በኋላ የገባው «ሃቭ ቢን» ነው።

«ማስት» የራሱ ኃላፊ ጊዜ ለምን የለውም ብለው ካሰቡ፣ መልሱ በታሪኩ ውስጥ ነው። ቃሉ በጥንታዊው እንግሊዝኛ የሌላ ግስ ኃላፊ መልክ ነበር። በዘመናት ብዛት ለአሁን ጊዜ መዋል ጀመረና የቀድሞው የአሁን ጊዜ መልክ ከቋንቋው ጠፋ። አንድ ጊዜ ኃላፊ የነበረን ቃል እንደገና ኃላፊ ማድረግ ስላልተቻለ «ሃቭ» ሊረዳው መጣ።

አማርኛ ተናጋሪ ይህን ሁሉ እንደ አዲስ ነገር ሊማረው አይገባም፤ ቋንቋችን ሥራውን በዚያው መንገድ ይሠራዋልና። «ረስታው መሆን አለበት» የሚለውን ይፍቱት። «ረስታው» ቦዝ አንቀጽ ነው፤ ያለፈው ድርጊት እዚያ አለ። «አለበት» ደግሞ የአሁን ነው። እንግሊዝኛው ቅደም ተከተሉን ገለበጠው እንጂ ክፍፍሉ ያው ነው። ይበልጥ የሚገርመው «አለበት» የሚለው ራሱ ነው። ረሺዋ ሴት ናት፤ እኛ ግን ብዙ ጊዜ «ረስታው መሆን አለበት» እንላለን። ግዴታን ስንናገር ግን «መሄድ አለባት» ነው የምንለው፤ «መሄድ አለበት» ብንል ወንድ ይሆናል። ለምን? ግዴታ በሰውየዋ ላይ የተጫነ ስለሆነ ቃሉ ከእሷ ጋር ይስማማል። ድምዳሜ ግን በማንም ላይ አልተጫነም፤ ነገሩ እንዲህ መሆን አለበት እያልን ነው። እንግሊዝኛ ይህን ልዩነት በ«ማስት» ላይ አያሳይም፤ እኛ ግን ከአፋችን ሲወጣ እናሳየዋለን።

ከዚህ አንድ ፈጣን መፈተኛ ይወጣል። ለመጻፍ ያሰቡትን መጀመሪያ በአማርኛ ይበሉት። «ነበር» ወይም «ነበረበት» ብሎ ከጨረሰ፣ ብዙውን ጊዜ ድምዳሜ አይደለም፤ ያለፈ ግዴታ፣ ወቀሳ ወይም ሳይሆን የቀረ ነገር ነው። በ«አለበት»፣ በ«ይሆናል»፣ በ«ይችላል» ወይም በ«አይችልም» ከጨረሰና ከፊቱ ቦዝ አንቀጽ ካለ ግን ስላለፈው እየገመቱ ነው፤ «ሃቭ» እና ሦስተኛው የግስ መልክ ያስፈልጉዎታል።

አሁን ወደ ጥንካሬ እንለፍ። የግምት ደረጃዎችን ለማስተማር ከድንቅነሽ የተሻለ ምሳሌ የለኝም፤ ስለ እሷ የምናውቀው ሁሉ ከአጥንት የተነሣ ድምዳሜ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1974 በአፋር ሐዳር የተገኘችው ይህች ፍጡር ወደ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ አላት፤ የተገኘው 40 በመቶ የሚጠጋ አፅሟ ነው። ስትራመድ ያየ የለም። ሆኖም የዳሌዋና የጉልበቷ አጥንቶች አሠራር በሁለት እግር ከመሄድ ጋር ስለሚገጥም ሳይንቲስቱ «ሺ ማስት ሃቭ ዎክድ ኦን ቱ ሌግስ» ይላል፤ በሁለት እግሯ ትሄድ የነበረች መሆን አለበት። የመጨረሻው መንጋጋ ጥርሷ ወጥቷል፤ ስለዚህ «ሺ ካንት ሃቭ ቢን ኤ ቻይልድ»፤ ሕፃን ልትሆን አትችልም። ማስረጃው አንድ አቅጣጫ ብቻ ሲያሳይ «ማስት ሃቭ»፣ አንዱን አቅጣጫ ፈጽሞ ሲዘጋ «ካንት ሃቭ» እንላለን።

አሟሟቷ ላይ ሲደረስ ግን ነገሩ ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ2016 በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ኦስቲን የሚሠሩት ጆን ካፕልማንና ባልደረቦቻቸው በ«ኔቸር» መጽሔት ላይ ባወጡት ጥናት፣ በአጥንቶቿ ላይ የሚታዩት ስብራቶች ከረጅም ዛፍ ላይ ወድቃ እንደሞተች ይጠቁማሉ አሉ። የቀኝ ክንዷ ላይኛ አጥንት የተሰበረው የሚወድቅ ሰው እጁን ዘርግቶ መሬቱን ሊመክት ሲሞክር እንደሚሰበረው ነው የሚል ነበር መከራከሪያቸው። አፅሟን ካገኙት አንዱ የሆኑት ዶናልድ ጆሃንሰን ግን አልተቀበሉትም። እንዲህ ያለው ስንጥቅ በሌሎች እንስሳት ቅሪተ አጥንቶችም ላይ፣ ለምሳሌ በዝሆንና በጉማሬ ላይ፣ ይታያል አሉ። ዝሆን ደግሞ ከዛፍ አይወድቅም።

ይህን ክርክር በእንግሊዝኛ እንናገረው። በጥናቱ ሙሉ በሙሉ ያመነ ሰው «ሺ ማስት ሃቭ ፎለን ፍሮም ኤ ትሪ» ይላል። ሐሳቡ ያጓጓው ግን ጥንቃቄ ያልተለየው ሰው «ሺ ማይት ሃቭ ፎለን» ወይም «ሺ ኩድ ሃቭ ፎለን» ወይም «ሺ ሜይ ሃቭ ፎለን» ይላል፤ ወድቃ ሊሆን ይችላል። እነዚህ ሦስቱ እዚህ ላይ አንድ ናቸው። «ማይት» ከ«ሜይ» ትንሽ ይላላል የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን በዚህ ላይ እንቅልፍ አላጣም፤ ፈተናም ብዙ ጊዜ አያጣራበትም።

እዚህ ላይ ጠያቂያችን ያላነሡት፣ ነገር ግን በተማሪዎች ጽሑፍ ውስጥ ዘወትር የማገኘው ነገር አለ። ብዙዎች «ማስት ሃቭ» የሚለውን «በእርግጠኝነት» የሚል ማጠናከሪያ ያደርጉታል። ትናንት ገበያ ላይ ጓደኛቸውን በዓይናቸው አይተው «አይ ማስት ሃቭ ሲን ሂም የስተርዴይ» ብለው ይጽፋሉ። ያየ ሰው እንዲህ አይልም፤ «አይ ሶው ሂም» ይላል። ድንቅነሽ ስትወድቅ ዛፉ ሥር የቆመ ሰው ቢኖር ኖሮ «ሺ ፌል» ብሎ ይጨርስ ነበር። «ማስት ሃቭ» የቱንም ያህል ብርቱ ቢሆን ተናጋሪው አለማየቱን ያጋልጣል፤ ስለዚህ ከተራው ኃላፊ ጊዜ ያነሰ እንጂ የበለጠ እርግጠኝነት የለውም። ለምስክርነት ቃል የሚጽፍ ሰው ይህን ልዩነት ቢያስተውል ይጠቀማል።

አሉታው ጋ ደረስን፤ ሦስተኛው ጥያቄዎ ይህ ነው። የጆሃንሰንን ወገን ይዘው የሚከራከሩ ሰው «ሺ ካንት ሃቭ ፎለን» ሊሉ ይገባል? አይገባም። ስብራቱ በሌላ ምክንያት ሊመጣ ይችላል ማለት አልወደቀችም ማለት አይደለም። «ካንት ሃቭ» ለማለት መውደቋ የማይቻል መሆኑን ማሳየት ያስፈልጋል፤ ለምሳሌ በዚያ ዘመን በአካባቢው ዛፍ የሚባል እንዳልነበረ። ተጠራጣሪው ሊል የሚችለው «ሺ ማይት ኖት ሃቭ ፎለን» ነው፤ ሳትወድቅ ቀርታ ሊሆን ይችላል።

ልዩነቱ ያለው «ኖት» የሚክደው ምንን ነው በሚለው ላይ ነው። በ«ማይት ኖት ሃቭ» ውስጥ የሚካደው መውደቁ ነው፤ ዕድሉ ክፍት እንደሆነ ይቆያል። በ«ኩድንት ሃቭ» ውስጥ ግን፣ እንደ «ካንት ሃቭ» ሁሉ፣ የሚካደው ራሱ መቻሉ ነው፤ በሩ ይዘጋል። በአዎንታ አንድ የነበሩት «ማይት ሃቭ» እና «ኩድ ሃቭ» በአሉታ የተራራቁት በዚህ ምክንያት ነው። እንግሊዝኛ ሁለቱንም ቦታ «ኖት»ን ከረዳት ግሱ አጠገብ ስለሚያኖር ዓይን ይሸወዳል። አማርኛ ግን አፍራሹን በሚያፈርሰው ግስ ላይ ይለጥፈዋል፦ «ሳትወድቅ ቀርታ ሊሆን ይችላል» እና «ወድቃ ሊሆን አይችልም»። በአንደኛው አፍራሹ «መውደቅ» ላይ ነው፣ በሁለተኛው «መቻል» ላይ። የትኛውን «ኖት» እንደሚጽፉ ሲጠራጠሩ አፍራሹ በየትኛው ግስ ላይ እንደተቀመጠ ይመልከቱ።

«ካንት ሃቭ» አዎንታዊ ወንድም እንደሌለውም ልብ ይበሉ። «ሺ ካን ሃቭ ጎን» ብሎ የሚያረጋግጥ እንግሊዛዊ የለም። በጥያቄ ውስጥ ግን «ዌር ካን ሺ ሃቭ ጎን?» ይባላል፤ «የት ሄዳ ይሆን?» እንደማለት።

አሁን መምህርዎና የአሜሪካ ፊልሞቹ። መምህርዎ ግማሽ እውነት ነግረውዎታል። የእንግሊዞቹ የመማሪያ መጻሕፍት የ«ማስት ሃቭ» ተቃራኒ «ካንት ሃቭ» ነው ይላሉ፤ በሒሳቡም ትክክል ናቸው። «ሰምቶኛል ሊባል አይቻልም» እና «አልሰማኝም መባል አለበት» ወደ አንድ ቦታ ያደርሳሉ፤ ስለዚህ አንዱ መንገድ በቂ ነው ብለው ያዙ። አሜሪካኖቹ ግን ሁለቱንም መንገድ ይሄዱባቸዋል፤ በመካከላቸውም ስስ የሆነ የትርጉም ልዩነት አለ። ሰውየው ጄኔሬተር በሚያጓራበት ክፍል ውስጥ ከነበረ «ሂ ኩድንት ሃቭ ኸርድ ሚ» ይላሉ፤ መስማት የሚቻል አልነበረም። ጠርተውት ዞር ሳይል መንገዱን ከቀጠለ ግን «ሂ ማስት ኖት ሃቭ ኸርድ ሚ» ይላሉ፤ ከውጤቱ ተነሥተው አልሰማም ብለው ደመደሙ እንጂ መስማት አይችልም አላሉም። ይህን የሚል እንግሊዝኛ የለም ማለት ስለዚህ ስህተት ነው። እርስዎ እንደጻፉት አጥሮ «ማስንት ሃቭ» ሲሆን ግን በመደበኛ ጽሑፍ እምብዛም አይታይም፤ በሰሜን እንግሊዝ፣ በስኮትላንድና በአየርላንድ ንግግር ውስጥ ይሰማል። ለፈተናዎ ምክሬ አጭር ነው። ፈተናው በእንግሊዞች መጽሐፍ የተዘጋጀ ከሆነ «ካንት ሃቭ» ይጻፉ፤ ሥራ ቦታ ከአሜሪካኖች ጋር ሲነጋገሩ «ማስት ኖት ሃቭ» ቢሉ ማንም አያርምዎትም።

አማርኛ ራሱ ወጥመድ የሚሆንበት አንድ ቦታ አለ፤ እሱንም ሳልጠቅስ አላልፍም። «ሳይሰማኝ አልቀረም» ስንል ሁለት አሉታ አለ፤ ትርጉሙ ግን ሳይሰማኝ የቀረ አይመስለኝም፣ ሰምቶኛል ማለት ነው። ቃል በቃል የሚተረጉሙ ተማሪዎች እዚህ ላይ «ኖት» ጨምረው ሐሳቡን ይገለብጡታል። ይህ አነጋገር በጥንካሬው ከ«ማስት ሃቭ» ዝቅ፣ ከ«ማይት ሃቭ» ከፍ ይላል፤ በትክክል የሚመጥነው ረዳት ግስ የለም። እኔ «ሂ ፕሮባብሊ ኸርድ ሚ» ብዬ እተረጉመዋለሁ። ሁሉን ነገር በረዳት ግስ መናገር ግዴታ አይደለም።

«ሹድ ሃቭ» ሌላው ሁለት ፊት ያለው ነው። በብዛት የሚያገለግለው ለወቀሳ ነው፦ «ዩ ሹድ ሃቭ ኮልድ ሚ»፤ ልትደውልልኝ ይገባ ነበር፣ አልደወልክም። መፈተኛችን ያዘው፤ አማርኛው በ«ነበር» ጨረሰ። ነገር ግን «ዴይ ሹድ ሃቭ አራይቭድ ባይ ናው» ሲባል ወቀሳ የለም። እንግዶቹ በሁለት ሰዓት ተነሥተዋል፣ መንገዱ ሦስት ሰዓት ይፈጃል፣ አሁን ስድስት ሰዓት ሆኗል፤ እስካሁን ደርሰው መሆን አለበት። ታዲያ ከ«ማስት ሃቭ» በምን ይለያል? በማስረጃው ዓይነት። ሰዓትዎን አይተው ከሆነ የደመደሙት «ሹድ ሃቭ» ነው፤ ነገሩ እንደታሰበው ከሄደ ደርሰዋል ማለት ነው፤ ጎማ ፈንድቶባቸውም ሊሆን ይችላል። ሻንጣቸውን በሩ ላይ አይተው ከሆነ «ማስት ሃቭ» ነው።

«ኩድ ሃቭ» እና «ማይት ሃቭ» እንዲሁ ከግምት ውጭ ሌላ ሥራ አላቸው፤ ሊሆን ሲችል ሳይሆን የቀረን ነገር ይናገራሉ። መንገድ ሲሻገር መኪና ለጥቂት ለሳተው ልጅ እናቱ «ዩ ማይት ሃቭ ቢን ኪልድ!» ትለዋለች። ልጁ ፊቷ ቆሟል፤ መሞት አለመሞቱን እየገመተች አይደለም። እዚህ ቦታ «ሜይ ሃቭ» አይገባም፤ «ሂ ሜይ ሃቭ ቢን ኪልድ» የሚባለው ደብዛው ስለጠፋና ዕጣው ስላልታወቀ ሰው ነው። እንግሊዝኛ አፍ የፈቱበት ጋዜጠኞችም ሳይቀሩ ይህን ያምታቱታል፤ በሐዘን ላይ ያለ ቤተሰብ በሚያነበው ዜና ውስጥ ግን ልዩነቱ ቀላል አይደለም። አማርኛው ይለያቸዋል፦ «ልትሞት ትችል ነበር» እና «ሞቶ ሊሆን ይችላል»።

ስለ ቅርጹ ጥቂት ልበልና ላብቃ። ባለቤቱ «ሂ» ይሁን «ሺ» ከረዳት ግስ በኋላ «ሃዝ» አይመጣም፤ ሁልጊዜ «ሃቭ» ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ሦስተኛው የግስ መልክ ነው፦ «ማስት ሃቭ ጎን» እንጂ «ማስት ሃቭ ዌንት» አይባልም። ድርጊቱ ቀጣይ ከነበረ «ቢን» እና «ኢንግ» ይጨመራሉ። መንገዱ ረጥቦ ሲያዩ «ኢት ማስት ሃቭ ቢን ሬይኒንግ» ይላሉ፤ ሲዘንብ የቆየ መሆን አለበት። ተደራጊ ከሆነም «ቢን» አይቅርብዎ። ስልክዎ ከጠፋ «ኢት ማስት ሃቭ ቢን ስቶለን» ነው የሚባለው፤ «ኢት ማስት ሃቭ ስቶለን» ካሉ ሌባው ስልኩ ሆነ። ሲያዳምጡም «ማስት ሃቭ» ተብሎ ተለይቶ እንዲመጣልዎ አይጠብቁ። በፈጣን ንግግር «ማስተቭ»፣ «ኩደቭ»፣ «ኩድንተቭ» ነው የሚሰማው። ይህ ድምፅ ከ«ኦቭ» ጋር ስለሚመሳሰል የቋንቋው ባለቤቶች ራሳቸው «ማስት ኦቭ» ብለው ሲጽፉ በየቦታው ያገኟቸዋል። እርስዎ ከዓይን የተማሩት ስለሆነ ይህን ስህተት የመሥራት ዕድልዎ አነስተኛ ነው።

ፈተናውን አልፈው ሥራ መፈለግ ሲጀምሩ ደግሞ በማስታወቂያ ላይ «አፕሊካንትስ ማስት ሃቭ ኮምፕሊትድ ግሬድ ትዌልቭ» የሚል ያገኛሉ። ቅርጹ ስንነጋገርበት የቆየነው ነው፤ ትርጉሙ ግን ድምዳሜ አይደለም። ቀጣሪው አመልካቾቹ 12ኛ ክፍል ሳይጨርሱ እንዳልቀሩ እየገመተ ሳይሆን ያልጨረሰ አያመልክት እያለ ነው። ይህ አገባብ በመመሪያ፣ በቅጽና በማስታወቂያ ውስጥ የተለመደ ነው፤ የሚታወቀውም ስለ አንድ ተለይቶ ስለታወቀ ሰው ሳይሆን መስፈርቱን ሊያሟላ ስለሚገባ ማንኛውም ሰው በመናገሩ ነው። አማርኛው ላይ «ያጠናቀቁ መሆን አለባቸው» ተብሎ ሲጻፍ «አለባቸው» ከአመልካቾቹ ጋር ተስማምቷል፤ ግዴታው እነሱ ላይ ነውና።